የለቀቅነው ዓሣ ይተርፋል?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ዓሣና እሱን ፍለጋ ወደ ባሕር ስለሚወርዱ ሰዎች ነው። ዓሣው ስትራይፕድ ባስ ይባላል። ኒው ኢንግላንዶች ስትራይፐር ይሉታል፤ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰዎች ግን ሮክፊሽ ነው የሚሉት። እኔም የምናገረው ከዚሁ አካባቢ ስለሆነ ሮክፊሽ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጎኑ እንደ ብር ያበራል፤ ከስንጥቡ እስከ ጅራቱ ድረስ ሰባት ስምንት ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። አንዴ ያየው ሰው ከሌላ ዓሣ ጋር አያምታታውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም እዚሁ ዲሲ ለምትኖሩ አድማጮቻችን ነገሩ የደጃችሁ ነው። አናፖሊስን አልፋችሁ የቼሳፒክ ድልድይ ጋ ስትደርሱ፣ ከድልድዩ ሥር ሳንዲ ፖይንት የሚባል ፓርክ አለ። እዚያ ድንጋዩ ላይ ዘንጋቸውን ተክለው ከሚቆሙት መካከል ሐዋሳና ዝዋይ ዳር ያደጉ፣ አለዚያም ወንዝ እንጂ ሐይቅ ሳያዩ የመጡ ወገኖቻችን አሉ። ባሕር ከሌለው አገር የመጣ ሰው የባሕር ዓሣ ሲያጠምድ የሚማረው ብዙ ነገር አለ። ዛሬ ከዚያ ሁሉ አንዱን መርጫለሁ፦ ዓሣን ይዞ መልሶ የመልቀቅን ጉዳይ።

የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎች ወደ 38 ሚሊዮን የሚጠጋ ሮክፊሽ ይዘው መልሰው ለቀዋል። የተለቀቀው ሁሉ ግን አይተርፍም። የዘርፉ ባለሙያዎች ሒሳብ ሲሠሩ ከመቶው ዘጠኙ ይሞታል ብለው ነው የሚነሡት። ይህ ማለት በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከተለቀቀ በኋላ የሞተው 3.4 ሚሊዮን ገደማ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት እነዚሁ ሰዎች ለምግብ ብለው ቤታቸው የወሰዱት ከዚህ ያንስ ነበር። የንግድ አጥማጆች ድርሻ ደግሞ ከሞተው ሁሉ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ዓሣውን ማን ጨረሰው ሲባል ሁልጊዜ ጣት የሚቀሰረው መረብ ወዳለው ነው፤ ቁጥሩ ግን ወደ ዘንግ ያዡ ያመለክታል።

አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንዱ ሰው በሕግ የተፈቀደለትን አንድ ዓሣ ይይዝና ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌላው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሠላሳ ይይዛል፤ ሠላሳውንም ይለቃል። ይህኛው ዓሣ አልገደልኩም ብሎ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚመለሰው። በዘጠኝ በመቶው ሒሳብ ግን ሦስት ያህል ገድሏል። ያኛው አንድ ገድሎ እራቱን በላ፤ ይህኛው ሦስት ገድሎ የበላው የለም። የባሕር ዳር አጥማጆች ተሰብስበው ሲከራከሩ ለቃቂዎቹ በሊታዎቹን ከፍ ብለው የሚያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ይህ ንቀት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ልክ ነው ለማለት ግን ይቸግረኛል።

ይህን ስል መልቀቅ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በልኩ ያልሆነን ዓሣ መልቀቅ የሕግ ግዴታ ነው፤ በደንብ የተለቀቀ ዓሣም አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ቁም ነገሩ ያለው አለቃቀቁ ላይ ነው። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ይህ ዓሣ ቀድሞም አንድ ጊዜ ከጥፋት አፋፍ ደርሶ እንደተመለሰ ማወቅ ይጠቅማል።

ሮክፊሽ የሚኖረው ጨው ውኃ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉን የሚጥለው ግን ጨው የሌለበት ወንዝ ውስጥ ገብቶ ነው። በፀደይ ወራት ፖቶማክን፣ ቾፕታንክን፣ ናንቲኮክን የመሳሰሉ ወንዞችን ሽቅብ ይወጣል። የምሥራቁ ጠረፍ ሮክፊሽ አብዛኛው የሚፈለፈለው በዚሁ በቼሳፒክ ነው። ሴቶቹ ካደጉ በኋላ ወደ ውቅያኖስ ወጥተው በጋውን ኒው ኢንግላንድ ድረስ ይሄዳሉ፤ ሲበርድ ወደ ደቡብ ይመለሳሉ። ስለዚህ አንድ የማሳቹሴትስ ሰው ኦገስት ላይ የያዘው ዓሣ፣ የሜሪላንድ ወንዝ ያሳደገው ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድ ብታበላሽ ማሳቹሴትስ ይጎዳል፤ ማሳቹሴትስ ያለ ልክ ቢያጠምድ ሜሪላንድ እንቁላል ጣይ ታጣለች።

በ1970ዎቹ የሆነው ይኸው ነው። በ1973 የንግድ አጥማጆች ወደ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ሮክፊሽ አወጡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያገኙት 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ብቻ ነበር። ከጅምሩ የጮኹትም ራሳቸው አጥማጆች ናቸው። ቦብ ፖንድ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው ነበር፤ ሥራው ከእንጨትና ከፕላስቲክ ዓሣ መሰል ማባበያ መሥራት ነው። ይህ ሰው በ1960ዎቹ ስትራይፐርስ አንሊሚትድ የተባለ ማኅበር አቋቁሞ፣ ዓሣው ዘሩን መተካት እያቃተው ነው እያለ ሲወተውት ኖሯል። ማባበያ እየሸጠ የሚተዳደር ሰው ዓሣ ማጥመድ ይቀነስ ብሎ ሲከራከር አስቡት።

በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት ስለዚህ አንድ ዓሣ ብሎ ለብቻው ሕግ አወጣ። የጠረፍ ግዛቶች በጋራ የተስማሙበትን ቁጥጥር ያልተቀበለ ግዛት ውኃው በፌዴራል መንግሥት ይዘጋበታል የሚል ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1985 ጀምሮ ሜሪላንድ ሮክፊሽ ማጥመድን ጨርሳ ዘጋች። ለነጋዴውም ለተዝናኚውም ተዘጋ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እዚህ ግን ተቃጥሎ ነው ቅጠሉ የመጣው። እንደ ዕድል ሆኖ በ1982 የተፈለፈሉ ጫጩቶች ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት በዛ ብለው ነበር። የጠረፉ ግዛቶች እቅድም እነዚህን ማሳደግ ነበር፦ ከሴቶቹ 95 በመቶው ቢያንስ አንዴ እንቁላል እስኪጥሉ ድረስ እንዳይነኩ።

መቼ ይከፈት የሚለውን ለመወሰን የሚጠበቀው የጫጩት ቆጠራ ነበር። ይህ ቆጠራ በሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ ሲካሄድ የቆየ ነው፤ አሠራሩም እስከ ዛሬ ብዙ አልተወሳሰበም። በበጋ ወራት ሠራተኞች በ22 ቦታዎች ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። አንዱ ሰላሳ ሜትር የሚሆነውን መረብ አንድ ጫፍ ይዞ ዳር ላይ ይቆማል፤ ሌላው ውኃው ውስጥ ገብቶ ሌላኛውን ጫፍ እየጎተተ ዞሮ ይመጣል። ወደ አሸዋው ስበው የጣት ርዝመት ያላቸውን ጫጩቶች አንድ በአንድ ቆጥረው ይለቃሉ። ሦስት ወር እየተመላለሱ በጠቅላላው 132 ጊዜ መረብ ይስባሉ፤ ከዚያ በአንድ ስበት በአማካይ ስንት ጫጩት እንደወጣ ያወጣሉ። የሦስት ዓመት አማካዩ ከስምንት ካለፈ ይከፈታል ተባለ፤ በ1989 ወንዞቹ በጫጩት ተሞሉና አማካዩ አለፈ። በ1990 በጥብቅ ገደብ ተከፈተ፤ በ1995 ዓሣው አገግሟል ተብሎ ታወጀ። በ1996 ደግሞ አማካዩ በአንድ ስበት ወደ 59 ወጣ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ያልታየ ቁጥር ነው።

እንግዲህ የባሕር ሀብት ጥበቃ መምህራን ደጋግመው የሚጠቅሱት ታሪክ ይህ ነው። ችግሩ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ አላበቃም። በ2019 የወጣው ግምገማ ሮክፊሽ እንደገና ከሚገባው በላይ እየተጠመደ መሆኑን፣ ቁጥሩም ከሚፈለገው በታች መውረዱን አረጋገጠ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ የሜሪላንድ የጫጩት ቆጠራ በተከታታይ ዝቅ አለ። የረጅም ጊዜው አማካይ 11 ሆኖ ሳለ በ2023 የተገኘው አንድ፣ በ2024 የተገኘው ሁለት ነው። እንቁላል የሚጥሉ ትልልቅ ሴቶች ጠፍተው አይደለም፤ እነሱስ አሉ። ለጫጩት የሚስማማው በረዶና ዝናብ የበዛበት ክረምት፣ ቀዝቀዝ ያለም ፀደይ ነው። እንደዚያ ሲሆን ወንዙ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ለጫጩቶቹ ምግብ የሚሆኑት ደቃቅ ፍጥረታትም በወቅቱ ይደርሳሉ። አሁን ክረምቱ እየሞቀ፣ ወንዙም እየቀጠነ ነው። እንደ 1985ቱ ዘግቶ መጠበቅ ብቻውን ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ የመጣው ለዚህ ነው። የሰማዩን ነገር አጥማጅ ሊለውጠው አይችልም። ያሉት ትልልቅ ሴቶች ደጉ ዓመት እስኪመጣ በሕይወት እንዲቆዩ ማድረግ ግን ይችላል፤ ሮክፊሽ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሊኖር የሚችል ዓሣ ነው።

አሁን ወደ አለቃቀቁ።

ባለፈው መኸር ሳንዲ ፖይንት ድንጋዮቹ ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የኛው ልጅ የመጀመሪያውን ሮክፊሽ ያዘ። ጓደኞቹ ስልካቸውን አውጥተው ከበቡት። ልጁ ዓሣውን ሊያነሣ ሲጎነበስ ከአጠገቡ የነበሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ አባት፣
«ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ እጅህን አርጥብ» አሉት።
«አንድ ፎቶ ብቻ ነው ጋሼ።»
«አንሣ፣ አልከለከልኩህም። ግን እሱን ከውኃ ስታወጣ አንተም ትንፋሽህን ያዝ። አንተ ሲጨንቅህ እሱም ጨንቆታል ማለት ነው።»
ልጁ ሳቀ፤ ግን ያሉትን አደረገ። ሜትሩን አስደግፈው ለኩት፤ ልኩ አልሞላም። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድንጋዩ ሥር ወረዱና፣ በአንድ እጃቸው ጅራቱን ይዘው፣ በሌላው ሆዱን ከሥር ደግፈው፣ አፉን ወደ ወራጁ አዙረው ቆሙ። ዓሣው በራሱ ጉልበት ጅራቱን አራግቦ እስኪወጣ ድረስ አልለቀቁትም።

ጋሼ ያደረጉት እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። የዓሣ ገላ ላይ ያለው ልጋግ ቆዳው ነው ማለት ይቻላል፤ ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ነው። ደረቅ እጅ፣ ደረቅ ፎጣ፣ የጋለ ድንጋይ ይገፈዋል። ዓሣው ያኔ አይሞትም፤ ዋኝቶ ይሄድና ከቀናት በኋላ ቁስሉ ያመረቅዝበታል። ስንጥቡ ደግሞ ውኃ ውስጥ እያለ ነው እንደ ገጽ ተገልጦ የሚተነፍሰው፤ አየር ላይ ሲወጣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በከንፈሩ አንጠልጥሎ ፎቶ መነሣት ለትንሹ ዓሣ ብዙም አይጎዳው ይሆናል፤ አሥር ኪሎ የሚመዝነውን ግን ውኃ ተሸክሞት የኖረ ገላውን ሁሉ በመንጋጋው ላይ እንደ መጫን ነው። ስለዚህ ትልቅ ዓሣ ሁልጊዜ ሆዱ ሥር ይደገፋል።

ከሁሉ በላይ የሚገድለው ግን የመንጠቆው ነገር ነው። የተለመደው መንጠቆ ቀጥ ብሎ ወርዶ የሚታጠፈው ነው። ዓሣው ምግቡን ሲውጠው አብሮ ወደ ሆዱ ይወርዳል፤ አጥማጁ ሲመነጭቀው አንጀት ወይም ስንጥብ ይወጋል። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ክብ የሚመስል። ይህኛው ቢዋጥም እንኳ ክሩ ሲወጠር ተንሸራቶ ይወጣና ጥግ ላይ፣ ከአፉ ማዕዘን ይያዛል። ከ2021 ጀምሮ ከሜይን እስከ ሰሜን ካሮላይና ባለው ጠረፍ ለሮክፊሽ እውነተኛ ምግብ፣ ማለትም ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ ሰክቶ የሚያጠምድ ሁሉ በዚህ በክቡ መንጠቆ እንዲጠቀም ግዴታ ሆኗል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በዚህ መንጠቆ መመንጨቅ የለም። እኛ አገር ዘንጉ ሲነቃነቅ ወደ ላይ ብድግ ማድረግ ነው የለመድነው። እዚህ ዝም ብሎ መዘውሩን እየጠቀለሉ ክሩን መወጠር ብቻ ነው፤ የቀረውን መንጠቆው ራሱ ይሠራዋል። ያም ሆኖ ከዋጠው ደግሞ ቆፍሮ ለማውጣት መታገል አያስፈልግም፤ ክሩን ከአፉ ጠጋ አድርጎ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል።

ሌላው ሙቀት ነው። ዘጠኝ በመቶ የሚለው ቁጥር ብርድንም ሙቀትንም፣ ጨው ያለበትንም የሌለበትንም ውኃ አንድ ላይ የሚወክል አማካይ ነው። ውኃ በሞቀ ቁጥር በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሲታገል የደከመ ዓሣ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። በጁላይ እኩለ ቀን፣ ጨዉ በሳሳ የቼሳፒክ ውኃ የተለቀቀ ዓሣ ዕድሉ በኖቬምበር ከተለቀቀው እጅግ ያነሰ ነው። የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለዚህ ብሎ በበጋው የሳምንቱን ቀኖች እንደ ትራፊክ መብራት በቀለም ለይቶ ያወጣል። አረንጓዴ ሲሆን ማጥመድ ይቻላል፤ ቢጫ ከሆነ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በፈረንጁ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ ነው። የአየሩ ሙቀት 95 ፋራናይት፣ ማለትም 35 ሴንቲግሬድ ሲደርስ ቀይ ይሆናል፤ ያን ቀን ሮክፊሽን ተዉት ማለት ነው። ከ2020 ወዲህ ጭራሽ የሚዘጋበት የበጋ ጊዜም አለ። ቀኑም፣ የሚወሰደው ዓሣ ርዝመትም ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ አምና የሰማችሁትን ይዛችሁ አትውጡ፤ በወጣችሁበት ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ አረጋግጡ።

ይህን ሁሉ ማን ይቆጣጠራል? እውነቱን ለመናገር፣ ማታ ድንጋይ ላይ የቆመን ሰው ተቆጣጣሪ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። የሚቆጣጠረው ጎረቤቱ ነው። ቬትናሙ፣ ሳልቫዶሩ፣ ጥቁር አሜሪካዊው ሽማግሌ፣ የኛ ሰው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ቋንቋ ባይግባቡ በምልክት ሜትር ይዋዋሳሉ፣ መረብ ይቀባበላሉ። ልኩ ያልሞላ ዓሣ ባልዲው ውስጥ የደበቀ ሰው ሁሉም ያየዋል። አንዳንዱ በግልጽ ይናገረዋል፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ዞር ይልበታል። የኛ ሰው በዚህ ላይ ይሉኝታ አለው፤ ለትልቅ ሰው፣ ለእንግዳ፣ ለማያውቁት ሰው አይናገርም። ጋሼ ልጁን የተናገሩት የኛው ልጅ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ቢሆን ዝም ይሉ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ገንዘቡም የጋራ ነው። ከ1950 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ የፌዴራል ሕግ መሠረት ከዘንግ፣ ከመዘውር፣ ከማባበያ ላይ ከፋብሪካው ቀረጥ ይሰበሰባል፤ ገንዘቡ ተመልሶ ለየግዛቱ የዓሣ ጥበቃ ሥራ ይከፋፈላል። ዘንግ የገዛችሁ ሁሉ ሳታውቁት ከፍላችኋል። እንግዲህ በዚህ ዓሣ ጉዳይ የሕዝብ አስተያየት ይሰብሰብ ሲባል ገብታችሁ መናገር መብታችሁ ነው። እስካሁን ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የጀልባ ካፒቴኖችና የማባበያ ነጋዴዎች ድምፅ ነው የሚበዛው፤ ድንጋይ ላይ የሚቆመው ስደተኛ ብዙም አይሰማም።

ለሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶናል። «እኔ የምወጣው ለድስቴ ነው፣ ታዲያ ምን ልያዝ?» ለምትሉ አንድ ጥሩ መልስ አለኝ፦ ብሉ ካትፊሽ። ይህ አምባዛ የቼሳፒክ ተወላጅ አይደለም። በ1970ዎቹ በቨርጂኒያ ወንዞች ለስፖርት አጥማጆች ብለው የለቀቁት ነው፤ ዛሬ ወሽመጡን ወርሮ ሸርጣኑንም የሌሎች ዓሦችን ጫጩትም እየጨረሰ ነው። በሜሪላንድ የቁጥርም የርዝመትም ገደብ የለውም፤ እንዲያውም መሥሪያ ቤቱ በተቻለ መጠን አውጡ ብሎ ያበረታታል። ትልልቆቹ ከውኃው ብክለት በሥጋቸው ስለሚያጠራቅሙ መካከለኛና ትንንሾቹን ምረጡ። ለጉላሽም፣ ለለብለብም፣ በአዋዜ ለመጥበስም ይሆናል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም ብለው አምባዛን የማይነኩ ኦርቶዶክሳውያን አድማጮቻችን እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነሱ ዋይት ፐርች የምትባለዋን ትንሽ የሮክፊሽ ዘመድ ይሞክሩ፤ ቅርፊት አላት፣ ወንዙ ዳር በብዛት ትገኛለች።

ለማጥመድ ከመውጣታችሁ በፊት ፈቃዱን አውጡ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ግን አያስፈልግም። ክቡን መንጠቆ፣ ሜትርና ቋጠሮ የሌለው የጎማ መረብ ግዙ፤ ሦስቱም ከዘንጋችሁ ይረክሳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ቼሳፒክ ሰማያዊ ሸርጣን እናወራለን።